የሁዳዴው እንቁላል

በየሰፈሩ ምንም ነገር መጣል የማይችል ሰው አንድ አይጠፋም። አንዱ ቆርኪ ያከማቻል፣ ሌላው የተቃጠለ ራዲዮ። ለሴቻ ሰፈር የደረሱት ክቡር ጋሽ ሸዋንዳኝ ናቸው፤ እሳቸው ድንጋይ ይሰበስባሉ።

«ድንጋይ» ብሎ መጥራት ግን ነውር ነው። «የነጎድጓድ እንቁላል» ነው የሚባለው፤ ስሙን ከየትኛው ፈረንጅ እንደሰሙት አይታወቅም። ከካምባ መንገድ፣ ከተናደው ገደል ይለቅሙና መጀመሪያ በመዳፋቸው ይመዝኑታል፣ ከዚያ ይልሱታል። ክብ ሆኖ ላዩ ኪንታሮት የበዛበት ከሆነ ጉዞው በቀጥታ ወደ አልጋ ስር ነው። ባለቤታቸው ሻሺቱ እዚያ መጥረጊያ ማስገባት ካቃታት ቆይቷል። ስታጉረመርም መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሆዱን ሳታዪ አትፍረጂ!»

በሽግግሩ ዘመን አንድ ዓመት ግን አመረራት። «ለፋሲካ ይሄ ቤት ወይ የእኔ ነው ወይ የድንጋዩ!» አለች። ጋሽ ሸዋንዳኝም ጥቅል ጎመን የሚያህለውን ትልቁን አቅፈው የመቃብር ሐውልት ጠራቢው ጋ ሊያስቆርጡ ወጡ። ከበር ላይ ሆነው በደስታ ጮኹ፤ «ሻሺቱ! ዛሬ ትልቁን እንቁላል እንሰብራለን!»

ሁዳዴ ነበር። ጎረቤቲቱ ዓለምጸሐይ በአጥር ሰማች። ጋሽ ሸዋንዳኝ ሁለቱን ግማሽ በከረጢት ይዘው ሲመለሱ ሻሺቱ ያለወትሮዋ ሳታጉረመርም ከረጢቱን ተቀብላ አስገባች፤ ሰፈሩ ግን «ጋሽ ሸዋንዳኝ ገደፉ» ማለት ጀምሮ ነበር። ወዲያው የንስሐ አባታቸው ቄስ ሀብተወልድ መጡ።

«ልጄ፣ በሁዳዴ እንቁላል?»

ስለ እንቁላላቸው ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው የለምና የጋሽ ሸዋንዳኝ ፊት በራ። «አንድ መሰለዎት አባቴ? አልጋ ስር ሞልቷል! ደህና ደህናውን በምላሴ ነው የምለየው።»

ቄሱ አማተቡ። ሻሺቱ ነገሩ ገብቷታል። ዝም ካለች ቄሱ «አሁኑኑ አውጥታችሁ ጣሉ» ማለታቸው አይቀርም፤ ባሏ ደግሞ የንስሐ አባታቸውን ቃል አያጥፉም። ቤቷ ሊጸዳላት ነው። ግን ያን የበራ ፊት አየችና አንጀቷ አልቻለም።

«አባቴ፣ ሆዱን ሳያዩ አይፍረዱ» ብላ አንዱን ግማሽ አመጣች። መካከሉ ኮከብ፣ ዙሪያው እንደ ሽንኩርት ድርብርብ፣ ሰማያዊና ነጭ ነው።

ቄሱ አገላብጠው አዩት። «የእሱ ሥራ!» አሉ ቀስ ብለው። «ሌላው ግማሽስ?»

ጋሽ ሸዋንዳኝ አልጋ ስር ገብተው ፈለጉ፣ አጡት። «መንገድ ላይ ሳልጥለው አልቀርም» አሉ አዝነው።

ግማሹ በሻሺቱ የፋሲካ ቀሚስ ተጠቅልሎ፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ካለው ሳጥን ውስጥ ነበር።