ከተስፋ ቡድን ጋር የመጣው ጉልበት

ሰው ዕድሜውን መደበቅ ሲፈልግ ፀጉሩን ያጠቁራል፣ ፂሙን ይላጫል፣ ካመቸውም የተወለደበትን ዘመን ሁለት ሦስት ዓመት ገፋ ያደርገዋል። ጉልበቱን ግን ምንም ሊያደርገው አይችልም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጉልበት ግን አነባለሁ። ጭሮ ውስጥ እግሩ ወለም ያለው፣ ትከሻው የወለቀው፣ ከባጃጅ የወደቀው ሁሉ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻም እኔው ነኝ። ተጫዋቾቹ «አኮ» ይሉኛል፣ በኦሮምኛ ሴት አያቴ ማለታቸው ነው። የአንዱስ የእውነት አያቱ ነኝ፤ በረኛው ምትኩ የልጄ ልጅ ነው።

ምትኩ ሠላሳ ሊሞላው ነው። «ዘንድሮ ወደ ላይኛው ሊግ ካልወጣን ጓንቴን እሰቅላለሁ» ብሎ ምሏል። የምንፎካከረው ከጎረቤት ከተማ ከሚኤሶ ቡድን ጋር ብቻ ነበር፤ በሁለት ነጥብ እንበልጣቸዋለን። ለእኛም ለእነሱም የቀረን አንድ አንድ ጨዋታ ነው፤ ያውም ከአንድ እንግዳ ጋር፣ ከአዲስ አበባ ከሚመጣ የትልቅ ክለብ ተስፋ ቡድን ጋር። እኛ መጀመሪያ፣ ሚኤሶ በሳምንቱ። ካሸነፍን አለቀ፣ ወጣን።

«እነሱ ተስፋ ቡድን፣ የክለቡ ወጣቶች ስለሆኑ ቢያሸንፉም አይወጡም፣ ቢሸነፉም አይወርዱም» አለኝ ምትኩ።

«ታዲያ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?»

«ልምድ ሊቀስሙ።»

ደነገጥኩ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ማልቀስ የሚለማመድ ሰው አይታችኋል? እኛ ዓመቱን ሙሉ አንጀታችን ያረረበትን ነገር እነሱ መለማመጃ አደረጉት።

ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነው። በእኛ ከተማ እንግዳ ቡድን በጨዋታው ቀን ጠዋት እኔ ደጅ ይመጣል፤ መንገድ የጎዳውን አሽቼ እልካለሁ። ደንቡን ያመጣሁት ራሴ ነኝ፣ በማንም አላሳብብም።

መጡ። ሸንበቆ የመሰሉ፣ ፂም ገና ያላቆጠቆጡ ልጆች። ከኋላቸው ግን አንድ ደረተ ሰፊ ሰው እያነከሰ ገባና «እማማ፣ ጉልበቴን ቢያዩልኝ» አለኝ። ዳሰስኩት። የተሰፋ፣ ክረምት ከበጋ የታመመ ጉልበት ነው።

«ልጄ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ይኼ ተስፋ ቡድን ነው አላሉም እንዴ?»

«ነው እማማ። እኔ ከዋናው ቡድን ነኝ፤ ተጎድቼ ከረምኩ። እዚህ ተጫውተህ ጉልበትህን ሞክረው ብለው ነው የላኩኝ። ይፈቀዳል።»

እጄ ጉልበቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ከልጄ ልጅ የሚበልጥ ሰው ተስፋ ቡድን ነኝ ብሎ ፊቴ ቁጭ ብሏል! ልምድ ሊቀስም የመጣው ልጅ ደግሞ ቦታውን ለቆለት ተቀያሪ ወንበር ላይ ሊውል ነው። ልነሳ ስል ስልኩ ጮኸ። «አባዬ፣ እግርህ ተሻለህ?» የምትል የሕፃን ድምፅ ሰማሁ። ምን ልሁን? እጄ ሥራውን ቀጠለ።

«አኮ፣ ለሱ እንኳ ብዙ አትድከሚ» አለኝ ምትኩ ከበር ላይ።

እኔ ግን ሥራ ከጀመርኩ አላጓድልም። ሲወጣ አያነክስም ነበር።

ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ሁለቱንም ያገባው እሱ ነው። ሁለተኛዋን ሲያገባ በዚያው ባሸሁት እግር ተነስቶ ዘለለና በምትኩ እጅ ላይ አሳልፎ በጭንቅላቱ ከተታት። ሕዝቡ ኳሷን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። «አኮ፣ ለመሆኑ የየትኛው ቡድን ወጌሻ ነሽ?» አለኝ ከኋላዬ የተቀመጠ የጫት ነጋዴ።

ተስፋ ግን አልቆረጥኩም። ይህ ሰው በሳምንቱ ሚኤሶ ላይም እንዲህ ከተጫወተ ሚኤሶ አያሸንፍም፤ ካላሸነፈ ደግሞ የምንወጣው እኛ ነን። እየሮጥኩ አውቶብሳቸው ላይ ደረስኩ። «ልጄ፣ የዛሬ ሳምንትም አደራህን!»

ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደወሉልኝ። ድነሃልና ወደ ዋናው ቡድን ተመለስ ተባልኩ። ሚኤሶ የሚሄዱት ልጆቹ ብቻ ናቸው።»

ልጆቹን አየኋቸው። መስኮቱን ተደግፈው ከወዲሁ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የሚኤሶን የቆላ ሙቀት አሰብኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ሚኤሶ ሦስት አግብቶባቸው ወደ ላይኛው ሊግ ወጣ። ምትኩ ጓንቱን አምጥቶ የቅባት ዕቃዬን ከማንጠለጥልበት ሚስማር ላይ ሰቀለው።

«እንደሚያገባብን ብታውቂ ኖሮ ታሺው ነበር?» አለኝ።

አላሸውም ብል እዋሻለሁ። የታመመ ጉልበት ደጄ መጥቶ እንዴት ብዬ እመልሰዋለሁ?

የሊጉን ደንብ ፊደል የቆጠሩት ይነጋገሩበት፤ እኔ የራሴን አሻሽያለሁ። ከእንግዲህ እንግዳ ቡድን የማሸው ከጨዋታው በኋላ ነው።