ለባዶ ወንበር የተጨበጨበ ጭብጨባ

ሰው ሲያጨበጭብ እያየ ብቻ የሚያጨበጭብ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? በደርግ ጊዜ የነበረው የጅማ ቀበሌያችን ሊቀመንበር እንዲህ ያለ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ጋሽ ነስሩ የሚባሉ ጡረተኛ ሙዚቀኛ በቀበሌው አዳራሽ ጃዝ በነጻ ያስተምሩ ነበር፤ ጥርሱ ካለቀው ሽማግሌ ጀምሮ ጥርሱ እስከሚነቃነቀው ሕፃን ድረስ። መድረኩ ላይ የተማሪዎቻቸው ባንድ ይጫወታል፤ ጃዝ ደግሞ ለሁሉም ተራ ይሰጣል። አንዱ ብቻውን ተጫውቶ ሲጨርስ እናጨበጭባለን። ሊቀመንበሩ ግን መድረኩን አያይም፤ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ ማን እንዳጨበጨበ እያየ ያጨበጭባል።

አንድ ሐሙስ የባንዱን ሳክስፎን ተጫዋች ከድርን ከቤቱ ወሰዱት። እሁድ ተራው ሲደርስ ጋሽ ነስሩ እጃቸውን አነሱ፤ ባንዱም ጸጥ አለ። እግራችን ብቻ ምቱን ይቆጥራል። ወላሂ፣ ሳክስፎኑ ተሰማኝ! ተራው ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሊቀመንበሩማ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

«ጎበዝ! ማነው የተጫወተው?»

«ከድር ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ ጋሽ ነስሩ።

ዞሮ የከድርን ባዶ ወንበር አየ። እጆቹ አየር ላይ ቀሩ።

በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ ነስሩም አልነበሩም። ተራቸው ሲደርስ ባንዱ ጸጥ አለ፤ ሊቀመንበሩም እጆቻችንን ማየት ጀመረ።

እኔ? የእኔ እጆች ኪሴ ውስጥ ነበሩ።