ክፍት የተተወችው ወንበር

የእኛ አገር ሰው በሽታ አይፈራም። የሚፈራው ሽማግሌ ቆሞ፣ እሱ ተቀምጦ መታየትን ነው። አይመስላችሁም? እንግዲያው በኮሮና ጊዜ እዚሁ ደብረ ታቦር የደረሰብኝን ስሙኝ።

ልጄ ማህሌት ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወራት ቤት ስትውል ጀርባዬን ፈረስ አድርጋ ጨረሰችው። ወገቤን ላድን ብዬ፣ የሰይድ መጫወቻ ሲከፈት መጀመሪያ የምትሽከረከሪው አንቺ ነሽ ብዬ ቃል ገባሁላት። ምነው አፌን በቆረጠው! በየማለዳው እየቀሰቀሰች ታስታውሰኝ ጀመር።

ሰይድ በያጅ ነው። ከአሮጌ የጭነት መኪና ብረት ስምንት ወንበር ያለው፣ በእጅ እየተገፋ የሚሽከረከር መጫወቻ ሠርቷል። የጤና ተቆጣጣሪዋ ሲስተር እንዲከፍት የፈቀደችለት በስንት ልመና ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ጭምብል ይደረጋል፣ ከየዙሩ በኋላ ወንበሩ በበረኪና ይወለወላል። ከሁሉም በላይ ግን በሁለት ሰው መካከል አንድ ወንበር ክፍት ይተዋል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ካየሁ በሩን አሽገዋለሁ ብላዋለች።

ቀኑ ደረሰና ታጥበን፣ ተሸፋፍነን ሄድን። ማህሌት ብቻዬን አልወጣም ስላለች እኔም ወጣሁ (ጉልበቴን የምታውቁ አትሳቁ)። በእኔና በእሷ መካከል አንድ ወንበር ክፍት ሆነ፤ ማዶ ሁለት አስተማሪዎች ተራርቀው ተቀመጡ። ሰይድ ሊገፋ እጁን ብረቱ ላይ ሲያሳርፍ... የቤታችን የንስሐ አባት መምሬ አላምረው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በበሩ ብቅ አሉ።

እንደ ልማዳችን አራታችንም ብድግ ብለን "ኖር!" አልን።

"በእግዜር፣ በእግዜር" አሉና ክፍቷን ወንበር አዩ። "ቦታ ትታችሁ ጠበቃችሁኝ? ተባረኩ!"

መቋሚያቸውን ለሰይድ አስይዘው በእኔና በልጄ መካከል ተደላድለው ተቀመጡ።

ሰይድ ፊቱ አመድ መሰለ። ሲስተሯ ከመንገዱ ማዶ እየመጣች ነበር። በሁለት ሜትር ርቀት የሚንሾካሾክ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አገር ይሰማዋል! ደግነቱ የመምሬ ጆሮ ከበድ ያለ ነው።

"የንስሐ አባትህ ናቸው፤ አንተ አስነሳቸው" አለኝ ሰይድ።

"መጫወቻው ያንተ ነው፤ አንተ አስነሳቸው" አልኩት።

እንዴት ብዬ ነው ተነሡ የምላቸው? ለኃጢአቴ ስግደቱን የሚቆጥሩልኝ እኮ እሳቸው ናቸው! ስለዚህ እኔው ወረድኩ። ማህሌትንም ለትንሽ ጊዜ ነው ብዬ አወረድኳት። አስተማሪዎቹም እኛ ቆመን እነሱ መቀመጣቸው ነውር መስሏቸው ወረዱ። አሁን ረጋ ብዬ ሳስበው፣ እኔ ብቻ ወርጄ የቀሩት አንድ አንድ ወንበር ቢሸጋሸጉ ይበቃ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሰው ሲደነግጥ ሒሳብ ይጠፋበታል።

ሲስተሯ ስትገባ መምሬ ብቻቸውን ይሽከረከራሉ። ጋቢያቸው በነፋስ ይውለበለባል፣ ሰባት ወንበር ባዶ ነው፣ እኛ ለወረፋ በኖራ በተሰመረው ምልክት ላይ ተራርቀን ቆመናል። በደስታ መዝገቧን አወጣች። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የትም አይቼ አላውቅም ብላ ሰይድን አመሰገነችው፤ ሌሎችም መጥተው ከእሱ እንዲማሩ አደርጋለሁ አለች። መምሬም ከወንበራቸው ሳይነሡ ድገመኝ ልጄ አሉት። ደገማቸው። ሦስተኛው ዙር ላይ የክረምቱ ዝናብ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረና መጫወቻው ተዘጋ።

ማህሌት እጄን ይዛ ተጓዘች። እንባዋ ጭምብሏን አርሶታል። አንጀቴን በላችው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በራሴ አፈርኩ። ነገ እንመለሳለን ልላት ስል ቀና ብላ አየችኝ።

"አባዬ፣ እኔ የማረጀው መቼ ነው?"