ጋሽ ላቀውና የሮማው ሳንቲም

በየከተማው «አላውቅም» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ የማታውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የደባርቁ ጋሽ ላቀው ይባላሉ። ሥራቸው ልብስ መስፋት ነው፤ ማዕረጋቸው ግን ብዙ ነው፦ የአየር ጠባይ ሊቅ፣ የበቅሎ ሐኪም፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። «ዛሬ አይዘንብም» ባሉ ቀን ጃንጥላ ያልያዘ ሰው ይበሰብሳል። ወደ ራስ ዳሸን የሚወጣ ፈረንጅ ሲያልፍ «ይሄ ኖርዌይ ነው፤ በጫማው አወቅሁት» ይላሉ። ሰውየው ጣሊያን ሆኖ ከተገኘ «እናቱ ኖርዌይ ናት» ብለው ነገሩን ይዘጉታል።

እኒህን ሰው ታዲያ ማንም እንዲያማብኝ አልፈልግም።

አምባራስ በምትባል የስሜን መንደር የሚኖሩት አባቴና ታናሽ ወንድሙ ሀብተ ሚካኤል በእርሻ ድንበር ተጣልተው ለዓመታት ተኮራርፈው ነበር። የእናታቸውን ተዝካር እንኳ ለየብቻ ደገሱ። በ1996 ሰኔ ላይ የአጎቴ ማረሻ እዚያው ድንበሩ ላይ አንዲት ትንሽ የብር ሳንቲም አወጣ። አባቴ «መሬቱ የእኔ ነው» አለ፤ አጎቴ «ማረሻው የእኔ ነው» አለ። ዱላ ተማዘዙ። ሽማግሌዎች ገላግለው «መጀመሪያ ምንነቱ ይታወቅ» ብለው ሁለቱንም ወደ ደባርቅ ሰደዷቸው። እኔ ያኔ ደባርቅ አስተምር ነበርና መሐላቸው ሆኜ ጋሽ ላቀው ዘንድ ወሰድኋቸው።

ጋሽ ላቀው ሳንቲሟን በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሏት። በአንድ ፊቷ ራሱ ላይ የቅጠል ጉንጉን የደፋ፣ አፍንጫው የረዘመ ሰው አለ፤ በሌላው ሁለት የተጨባበጡ እጆች። ዙሪያዋን የላቲን ፊደል ተቀርጾባታል።

«የሮማ ንጉሥ ናቸው» አሉ። ይህችን፣ ለጉድ፣ አግኝተዋታል።

«እጆቹስ?» አለ አባቴ።

«ጽሑፉ ይናገረዋል። ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ተካስሰው ንጉሡ ፊት ቆሙ። ንጉሡም ‹የአንድ አባት ልጆች ናችሁ፤ ለማናችሁ ልፍረድ?› ብለው አለቀሱ። እነሱም አፍረው ተጨባበጡ። ንጉሡ ይኸው እጃቸውን በብር አስቀረጹት።»

«እውነት እንዲህ ይላል?» አለ አጎቴ።

«ማንበብ አይችልም ልትለኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። ሳንቲሟን ዘቅዝቀው ነበር የያዟት።

አጎቴ የተቀረጹትን እጆች በጣቱ ዳሰሰና ወደ አባቴ ዞረ። «ጋሼ፣ የእናታችንን ተዝካር እንኳ አብረን አልበላንም» አለ። አባቴ ወንድሙን አቅፎ አለቀሰ። ጋሽ ላቀው ግን ስለ ሮማ ገና ማስረዳት አልጨረሱም ነበር።

ወንድማማቾቹ ሳንቲሟን ለባህል ጽሕፈት ቤቱ አስረከቡ። ድንበሩን አብረው አርሰው ገብስ ዘሩበት።

ከዓመታት በኋላ ጎንደር አንድ የታሪክ መምህር ስለ እጆቹ ጠየቅሁ። ወታደሩ ያስቸገረው ንጉሠ ነገሥት «ሠራዊቱና እኔ ተስማምተናል» ለማለት ያስቀረጸው ምስል ነው አለኝ። ወንድማማች የሚባል ነገር የለበትም። ይህን ለጋሽ ላቀው ትንፍሽ አላልሁም።

አባቴ በ2008 ሲያርፍ ዓይኑን የከደነው አጎቴ ነው። ከቀብሩ መልስ ጋሽ ላቀው በር ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ።

«እስቲ ስለ ሮማ ያጫውቱኝ» አልኋቸው።

«ከየት ልጀምርልህ?»

«ደስ ካለዎት ቦታ።»