ስድስት መቶ ሚሊሜትር እና የጋሽ ኮቺቶ ኮት

ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ ግማሾቻችሁ ትስቃላችሁ። ግማሾቻችሁ ደግሞ… እናንተም ትስቃላችሁ፣ አውቃችኋለሁ!

ጥፋቱ የካሜራው ሌንስ ነው። እሺ፣ የኔ ነው። ግን ከሌንሱ ልጀምር።

ጋሽ ኮቺቶ ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። በየዓመቱ ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ረግረግ እየወሰዱ፣ ዘውድ ያላቸውን ትልልቅ ወፎች ያሳዩን ነበር። አናታቸው ላይ የወርቅ መጥረጊያ የተተከለባቸው የሚመስሉትን! ወፎቹ አንድ ላይ ሲነሱ ጋሽ ኮቺቶ ባርኔጣቸውን አውልቀው በዓይናቸው ይሸኟቸዋል። እኛም አንጋጠን እናያለን።

አሁን ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። ቅዳሜ ልጃቸው አዲስ አበባ ልትወስዳቸው ነው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ።

ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ምን ይታያል? ሌላ አራተኛ ፎቅ!

ሆዴ ባባና ቃል ገባሁ። «ጋሼ፣ ወፎቹን ሲበሩ አነሳቸውና በትልቁ አሳጥቤ እሰጥዎታለሁ፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል» አልኳቸው። እናቴ ባለችበት ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

ፎቶ ቤት ያላት ጎረቤቴ አስቴር ካሜራዋን ልታውሰኝ ፈቀደች። ሁለት ሌንስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። አንዷ አጠር ቀለል ያለች ናት። ሌላው… ወገን፣ ዘነዘና ነው የሚያክለው! ስድስት መቶ ሚሊሜትር፣ ሩቁን አፍንጫ ሥር የሚያመጣ!

«ለሚበር ወፍ ትንሿን ውሰድ» አለችኝ። «በእጅህ ይዘህ ትከተለዋለህ። በትልቁ ፈልገህ እስክታገኘው ወፉ ጅማ ይገባል።»

ምክሯ በደንብ ገብቶኛል። ግን እውነቱን እንነጋገር፦ ትንሿን ይዤ በቦንጋ መሀል ብሄድ ማን ዞር ብሎ ያየኛል?

ዘነዘናውን ወሰድኩ። ከነትራይፖዱ፣ ከነሦስት እግሩ!

የባጃጁ ሹፌር «ወንድም፣ መንገዱን ልትቀይሱት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አላልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ረግረጉ ዳር ሣር ውስጥ ተንበርክኬ ሦስት ሰዓት ጠበቅኩ። ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ራሰ። ወፎቹ ከፊቴ እየለቀሙ ነው። አስቴር እንዳለችው ክንፉ እንዳይደበዝዝ ሻተር ስፒዱን ሁለት ሺህ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ካሜራው በተከታታይ እንዲያነሳ አዘጋጅቼዋለሁ፣ ጣቴ የሻተሩ መጫኛ ላይ ነው።

አንዱ አንገቱን አሰገገ። ሌሎቹም አሰገጉ። ሊነሱ ነው!

በዚህ መሀል ከጎኔ ትንሽ ራቅ ብሎ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ።

ጋሽ ኮቺቶ!

ለካ እናቴ የት እንዳለሁ ነግራቸዋለች። «እንግዲያው ራሴ ሄጄ ልሰናበታቸው» ብለው እስከ መንገዱ ዳር በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ ጉልበታቸው መጡ።

እኔ የጋሽ ኮቺቶ ተማሪ ነኝ። ትልቅ ሰው ሲመጣ ያልተነሳ ልጅ ጆሮው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ! ሳላስበው እግሬ ብድግ አለ። አፌም ተከተለው።

«ኖር!»

ረግረጉ አስተጋባ። ወፎቹ በሙሉ ግርር ብለው ተነሱ!

በአናታችን ላይ ነው ያለፉት። የክንፋቸው ድምፅ ተሰማኝ። ትንሿ ሌንስ እጄ ላይ ብትሆን ቀና ማድረግ ብቻ ነበር። ዘነዘናው ግን ትራይፖዱ ላይ ነው፤ እኔ ስዞር አብሮኝ ዞሮ ጋሽ ኮቺቶ ላይ አፍጥጧል። ወደ ላይ አልነሳ ብሎኝ እየታገልኩ ጣቴ ሻተሩን አልለቀቀም። ተተተተተተ!

«በእግዜር! ኧረ ቁጭ በል!» አሉኝ ጋሽ ኮቺቶ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

ቁጭ አልኩ። ምን ቀረና?

አርባ ሁለት ፎቶ አንስቻለሁ። በአርባ ሁለቱም ላይ የጋሽ ኮቺቶ ኮት ሁለተኛው ቁልፍ አለ። ጥራቱ ግን! ክሩ ይቆጠራል!

ማልቀስ ነው የቀረኝ። አፍሬ ስክሪኑን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ አስጠግተው፣ አርቀው አዩት።

«ይቺ ልትወድቅ ነው እንዴ?»

እውነትም ቁልፏ በአንድ ክር ነው የተንጠለጠለችው።

«ጎሽ፣ ጥሩ አየህ። ከቅዳሜ በፊት ትሰፋልኛለህ።»

«ጋሼ፣ ወፎቹስ? ቃል ገብቼልዎት ነበር እኮ…»

«እኔማ አየኋቸው፤ አንዷ ሳትቀረኝ! ያላየሃቸው አንተ ነህ ልጄ።»

ሦስት ሰዓት ተንበርክኬ የጠበቅኳቸውን ወፎች ሲበሩ ያላየሁ እኔ ብቻ ነኝ። እንደ ስድስተኛ ክፍል ልጅ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ትከሻዬን ይዘው ሳቁ፤ እስከ መንገዱም እንደያዙኝ ሄድን።

ካሜራውን ስመልስ አስቴር ፎቶዎቹን አየችና «ይሄ ደግሞ የትኛው ወፍ ነው?» አለችኝ። ያቺን ትንሿን ሌንስ እያሻሸች!

ይህን የምጽፍላችሁ የጋሽ ኮቺቶን ኮት ጭኔ ላይ አድርጌ ነው። መርፌው እስካሁን ሦስት ጊዜ ወግቶኛል። ለስንብት የሚበር ወፍ እሰጣለሁ ብዬ ቁልፍ እየሰፋሁ ነው! እንዳይበጠስ ክሩን አራት እጥፍ አድርጌዋለሁ። ሩቅ አገር ነው የሚሄደው።

ቅዳሜ ልሸኛቸው ስሄድ ካሜራ አልይዝም። በዓይኔ ነው የማያቸው።

ሌንስ ለምትመርጡ፦ ለሚበር ነገር ቀለል ያለችውን ያዙ፤ ለጉራ ብላችሁ ዘነዘና አትሸከሙ።

«ኖር» ስላልኩት ግን ስድቡን ከመጀመራችሁ በፊት በእውነት መልሱልኝ፦ የእናንተ መምህር ቢሆኑ ቁጭ ትሉ ነበር?