ጨዋ በሽተኛ

ድንገተኛ ክፍል የሚያስገባው በሽታ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ለካስ የሚያስገባው ጠባይ ነው። በተለይ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ከሆነ፣ የሐኪም ደጅ መርገጥ አለመርገጡን የሚወስነው ሕመሙ ሳይሆን አብሮት ያረጀው አመል ነው። አንዱ ሆዱን ነፋ ባደረገው ቁጥር ባጃጅ ያስጠራል፤ ሌላው ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ ሰው እንዳይቸገር ብሎ በሩን ዘግቶ ይተኛል። እኛም ይህን ሁለተኛውን "እንዴት ያለ ጨዋ ሰው!" እያልን እናደንቃለን። እኔ ግን ከባለፈው ኅዳር ወዲህ ይህ ቃል ሲነሣ ደሜ ይፈላል።

ከመጀመሪያዎቹ ወገን እዚህ ጎንደር፣ የፒያሳ ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ አሉ። የድንገተኛ ክፍሉ ጥበቃዎች በስማቸው ነው የሚጠሯቸው። ቃር ሲይዛቸው ልብ ነው፣ ብርድ ሲመታቸው ሳምባ ነው። ስንት ጊዜ እንዳማኋቸው እኔና ባለቤቴ እናውቃለን። ከሁለተኛዎቹ ደግሞ የገዛ አጎቴ አያ ፈንታ አሉ፤ የዳባት ገበሬ ናቸው።

አያ ፈንታ ሦስት ቀን ሙሉ ደረታቸውን ሲያማቸው፣ እህል አውድማ ላይ ስለሆነ ሰው ሥራ አላስፈታም ብለው ዝም አሉ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ብቻቸውን በሚኒባስ ጎንደር እኔ ቤት መጡ። ፊታቸውን እንዳየሁ በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። በሩ ላይ የመጣውን ሁሉ እያየች የምትለየው ነርስ፣ "እንዴት ነዎት አባባ?" አለቻቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሸጋ ነኝ። አንችስ ደህና ነሽ ልጄ? ልጆች ደህና?"

"ምንዎን ነው የሚያምዎ?"

"ኧረ ትንሽ እዚህ ጋ ያዝ አርጎኝ ነው እንጂ ምንም አልል።"

አረንጓዴ ካርድ ሰጠቻቸው። አረንጓዴ ማለት ቢጠብቅም አይሞትም ማለት ነው። እኔ "ኧረ እህቴ፣ ሦስት ቀን…" ብዬ ልጀምር ስል አያ ፈንታ ኮቴን ጎተት አደረጉና፣ "ምነው? በሰው ፊት አታዋርደኝ!" አሉኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? ሃምሳን የተጠጋሁ ሰውዬ፣ ውሃ ጠፋ ብዬ ቀበሌ ሄጄ ጠረጴዛ የምደበድበው፣ አጎቴ ስለተቆጡኝ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ተራቸው ሲደርስ እጁ የተሰበረ ጎረምሳ መጣ፤ "እሱ ይቅደም" አሉ። ቀጥሎ ሕፃን የታቀፈች እናት መጣች፤ ተራቸውን ሰጥተው መቀመጫቸውንም ጨመሩላት። ቆሙ! ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ከንፈራቸው አመድ መስሏል፣ እሳቸው ግን ሰርግ ቤት በር ላይ ያሉ ይመስል "ግቡ፣ ቅደሙ" ይላሉ። እኔ በንዴት ጥርሴን ነከስኩ። መንከስ ብቻ።

ለካ ያን ቀንም እትዬ ብርቄ እንደ ልማዳቸው መጥተው ኖሯል፤ ውስጥ አልጋ ይዘው ስለ ሆዳቸው ይጮኻሉ። በተከፈተው በር አሻግረው አጎቴን አዩና ጩኸታቸውን ቀጥ አደረጉ። ወዲያው ከአልጋው ዘለው ወረዱ።

"ኧረ የሰው ያለህ! ሰውዬው እየሞተ ነው! ዓይን የላችሁም እንዴ?"

ሕንፃውን አናወጡት። አጎቴን በክንዳቸው ጎትተው እሳቸው የተነሡበት አልጋ ላይ አጋደሟቸው። ሐኪም ሮጠ። ልብ ነበር። በኋላ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ትንሽ ቢዘገይ አናተርፋቸውም ነበር። አንተ አጠገባቸው ሆነህ ምን ትሠራ ነበር?" አለኝ። ምን ልበለው? ጨዋ ነበርኩ ልበለው?

የምናደደው በነርሷ ብቻ አይምሰላችሁ። እርግጥ የሰውን ትሕትና ጤንነት ብላ ጽፋለች፤ ላቡን ቀና ብላ ብታይ ምን ነበረበት! ግን እኛስ? ሽማግሌዎቻችን ሕመምን መናገር እንደ ነውር እንዲቆጥሩት ያደረግን፣ ሲሞቱ ደግሞ "ማንንም ሳያስቸግር ሄደ" እያልን ለቀስተኛ ፊት የምናሞግስ፣ እኛስ ማን ነን? በእትዬ ብርቄ ስስቅ የኖርኩበትን አፌን ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

አያ ፈንታ ተርፈው በሳምንታቸው ወጡ። ሐኪሙ "እንዲህ ያለ ሕመም ዳግም ከተሰማዎ በዚያችው ደቂቃ ይምጡ" ሲላቸው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው "እሺ ጌታዬ" አሉ። የእሺታቸው ፍጥነት አላማረኝም። ከግቢው እንደወጣን መንገድ ዳር አቆምኳቸው።

"አያ፣ እውነት ይመጣሉ?"

"ምነው አልመጣ?" አሉ ቅር ብሏቸው። "አንተ ብቻ ቀደም ብለህ ደውልና ጠይቅልኝ፤ ከእኔ የባሰበት ሰው ከሌለ እመጣለሁ።"