ፕሮግራሙን አሻሻልኩና አጎቴን ከቀብር አስቀረሁ

ዛሬ የደረሰብኝን ስትሰሙ መሳቅ ትችላላችሁ፣ ግን ቀስ ብላችሁ!

የእድራችንን የመልእክት ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። (ስንቴ ፖስት አድርጌ ጉራዬን ነፍቼባችኋለሁ!) ሰው ሲሞት ማንበብ ለሚችሉት በአማርኛ ቴክስት ይልካል። ለማይችሉት ደግሞ ይደውልና እናቴ በአዊኛ የቀዳችውን ድምፅ ያሰማል።

ችግሩ፣ ቀርፋፋ ነው። ኔትወርካችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እኔ ሆዬ ቁጭ ብዬ ከማስተካከል ለአልጎሪዝም ሰጠሁት። ኮዱን እዚህም እዚያም እየቀያየረ ያራባዋል። ከዚያ ሁሉንም ይፈትናል። ፈተናውን አልፎ የፈጠነው ለዘር ይቀራል፣ ሌላው ይጣላል። ፈረስ ለዘር እንደሚመረጠው በሉት።

ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አዲሱ ፕሮግራም ፈተናውን ደፈነው! ፍጥነቱማ ጥይት!

ዛሬ ጠዋት የአጎቴ የልብ ወዳጅ ተቀበሩ። ጥርባ የሚኖሩት አጎቴ ግን ቀብሩ ላይ አልነበሩም።

ከሰዓት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ስለ ፍጥነቱ ስቀድ አጎቴ ከች አሉ። መርዶውን የሰሙት ከመንገደኛ ነው። ሰው ሁሉ እያየ ፊቴ ቆሙ።

«ስልኬ እኮ አልጠራም» አሉኝ በአዊኛ። «አፈር እንኳ ሳላለብሰው ቀረሁ።»

ላፕቶፔን ከፈትኩ።

የመደወያው ክፍል የለም! የእናቴ ድምፅ የለም!

ለካ ፈተናው ውስጥ ያስገባሁት የአማርኛውን ቴክስት ብቻ ነው። አልጎሪዝሙ ምን ያድርግ? ያልተጠየቀውን ቆርጦ ጣለና ፈጠነ።

አጎቴ አንጀቴን በሉት። ብድግ ብዬ በአዊኛ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ነገር በቋንቋቸው ነው የሚነገራቸው።

ጥቂት ቃል ብዬ ቆምኩ።

ቀጣዩ አልመጣም! በአዊኛ አፌን የፈታሁ ልጅ እኮ ነኝ!

የድንኳኑ ሰው አቀረቀረ። አጎቴ ትንሽ ጠበቁኝ፣ ከዚያ አዘኑልኝና ወደ አማርኛ ዞሩ። «ተወው ልጄ፣ ገብቶኛል» አሉ። ሐዘንተኛው እሳቸው፣ ተጽናኙ እኔ!

የእናቴን ድምፅ ወዲያው መለስኩት፣ ፈተናውም ውስጥ አስገባሁት። ይሄ ቀላሉ ነው።

የኔው ግን እንዴት ይመለሳል? ከተማ ከገባሁ ጀምሮ ትምህርቱም ሥራውም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲፈትነኝ ኖረ። በአዊኛ የፈተነኝ የለም፣ እስከ ዛሬ ከሰዓት።

ለካ እኔም ተሻሽያለሁ!

እናንተስ፣ ስትሻሻሉ ምን ተቆርጦባችኋል?